ባዶ ሚስማር

ሰኔ 9 ቀን 1930 ዓ.ም.

የጥይት መጋዘኑን ቁልፍ ያዥ ባዘዘውን ዛሬ አሰሩት።

ሰኔ 10

ጥይት ጎድሏል አሉ። ባዘዘውን ሲወስዱት አይቼዋለሁ። ጋቢውን በእጁ እንደ ያዘ ነበር፤ እስኪደርበው እንኳ አልጠበቁትም። እኔ እዚያው ጣሊያን ግቢ የዱቄት ጆንያ ተረካቢ ነኝ። የእኔ ክፍልና የጥይቱ መጋዘን በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ማን እንደሚተካው ሳይነግሩኝ ገባኝ።

ለሚስቴ ለሥራነሽ አልነገርኋትም። እራት ስታቀርብ ግን፣ «ባዘዘውን ያዙት አሉ። ተረኛው ማን ነው?» አለችኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሚስት ከባልዋ ቀድማ ትሰማለች።

ሰኔ 11

የካፒቴኑ አስተርጓሚ ሙላት የዱቄቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«አቶ ቢተው፣ እንኳን ደስ አለዎት። ካፒቴኑ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ እንደ ነበሩ ሰምቷል። መስቀልና ጽዋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ጥይት አያቅተውም ብሏል።»

«ማን ነገረው?»

«እኔ ነኛ። እዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ ማን አለዎት?»

ሰኞ እረከባለሁ።

ሰኔ 12፣ እሑድ

ከቤት አልወጣሁም። ሳስብ ዋልሁ።

አንድ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ካለ ያ ሰው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ሌባ ነው። የሚጠበቀው ነገሩ እስኪጎድል ብቻ ነው። ባዘዘው ሰርቆ ይሁን ሳይሰርቅ አላውቅም። ቢሰርቅም ባይሰርቅም ግን የሚያዘው እሱ ነበር።

የእኛ ደብር ዕቃ ቤት እንዲህ አልነበረም። በሩ ላይ ሦስት ጓጉንቸር ነበረ። የአንዱ ቁልፍ በቄሰ ገበዙ፣ የአንዱ በመሪጌታው፣ የሦስተኛው ከምእመናን በተመረጠ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው እኔ ነበርሁ። ሦስታችን ካልተገኘን ጽናጽል እንኳ አይወጣም። አንዱ የሌላውን ጓጉንቸር አይነካም፤ ነውር ነው። ክፍት ሆኖ ቢያየው «ዝጋው» ይለዋል እንጂ እጁን አይሰድም። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ሰው በክፉ ዓይን አላየኝም።

ነገ ይህን ለካፒቴኑ እነግረዋለሁ። ሦስት ከሆንን ጣሊያን እኔን ብቻ ለይቶ አይጠረጥርም። ዱር ያለውም መጥቶ «ክፈትልኝ» ሊለኝ አይችልም። ዱር ያለው ማለቴ የሥራነሽ ወንድም እንዳላማው ነው። ስሙን እዚህ ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ሰኔ 13

ነገርሁት። ካፒቴኑ ቦቲ ጫማውን በከሰል ምድጃ ዳር ያደርቅ ነበር። ንጹሕ ሰው ነው፤ ጠረጴዛው ላይ እርሳሶቹ እንኳ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ሙላት ሲተረጉምለት በጥሞና ሰማ። ከዚያ ጠየቀኝ፤ ሦስቱ ተስማምተው ቢሰርቁስ?

«አንዱ ለሌላው ዋስ ነው» አልሁ።

ሙላት ሳይተረጉም ዞሮ አየኝ። «ዋስ የሚለውን እንዴት አድርጌ ልንገረው?»

«እንዳለ ንገረው። ሰውየው ቢጠፋ ዋሱ በእሱ ፈንታ ይያዛል። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነው።»

ነገረው። ካፒቴኑ ቦቲውን አስቀመጠና አንድ ቃል ደጋግሞ ተናገረ። «ወዶታል» አለኝ ሙላት።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድሁ። ጾም ቢሆንም ሽሮውን ጠግቤ በላሁ። ከባዘዘው መያዝ ወዲህ ሳልነቃ የማድረው ዛሬ ሌሊት ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ሰኔ 16

ሁለቱ ተመረጡ። አንዱ ቀኛዝማች ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ አምና ጠመንጃቸውን አስረክበው የገቡ ሽማግሌ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ሌላው ጨውና ጨርቅ ነጋዴው ሐምዱ ነው። ለግቢው የመብራት ዘይት የሚያቀርበው እሱ ነው። የሚጠፋበት ንብረት ስላለው አይሸሽም ብለው ነው አለ ሙላት።

ሐምዱ ከሩቅ አይቶኝ መጣ። «አያ ቢተው፣ ምን በደልሁህ? ዘይቱን አጉድዬ ሰፍሬልህ ነበር?»

«እኔ አልመረጥሁህም።»

«መንገዱን ጠርገህ ጠብቀኸኛል። ወላሂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተገዝቻለሁ። አባቴ ይህን ሳይሰማ መሞቱ ደግ ሆነ።»

ቀኛዝማች በአጠገቤ አልፈው ሄዱ።

ሰኔ 18፣ ቅዳሜ

ባዘዘውን ገበያ መሃል ሰቀሉት።

እኛን ሦስታችንን ፊት አቆሙን። ከዚያ ሙላት አዋጅ አነበበ፤ ከእንግዲህ መጋዘኑ የሦስት ሰው ነው፣ ሦስቱ እርስ በርስ ዋስ ናቸው፣ አንዱ ቢያጠፋ ሦስቱም ይሰቀላሉ። ካፒቴኑ አጠገቡ ቆሞ ዋስ የምትለውን ቃል ራሱ በአማርኛ ደገማት። ተለማምዷታል።

ገበያተኛው እህሉን ሳይሸጥ ተበተነ። ቀኛዝማች ያን ጊዜ ነው ዞር ብለው ያዩኝ።

«የማን ምክር ነው ይህ?» አሉኝ።



ሰኔ 21

በሩ ላይ ወፍራም የብረት መወርወሪያ ገጠሙ። በሦስት ቀለበት ሦስት ጓጉንቸር ያልፍበታል።

በዘበኞቹ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰሌዳ ሰቀሉ። ሦስት ሚስማር አለው። ለእያንዳንዳችን ስማችን የተቀረጸበት ናስ ሰጡን። ቁልፋችንን ከሚስማሩ ስናነሣ ናሱን በምትኩ እንሰቅላለን፤ ቁልፉን ስንመልስ ናሳችንን እንወስዳለን። ሰሌዳውን ያየ ሁሉ የትኛው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። ሥርዓቱ ጥሩ ነው። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ዕቃ ቤት ይሻላል።

ካፒቴኑ ሰሌዳውን እየነካካ አንድ ነገር አለ። «ባዶ ሚስማር አልወድም ነው የሚለው» አለ ሙላት።

እኔም አንድ ነገር ጨመርሁለት። ከባለቤቱ በቀር ማንም ጓጉንቸሩን እንዳይነካ፣ ዘበኛም ቢሆን። የነካካው ሰው ከበዛ በኋላ ሲጎድል ማንን ልትጠይቅ ነው አልሁት። ተስማማ። ዘበኛው ሦስቱን በዓይኑ ብቻ ይቆጥራል።

ለምን እንደ ጨመርሁለት አላውቅም። ሥራ በደንብ ሲሠራ ደስ ይለኛል። ይህ ደዌ ነው።

ሰኔ 28

ዝናብ። ጥይት አወጣን፣ ቆጠሩ፣ ዘጋን። እንደገና ዝናብ።

ሐምሌ 1

ዛሬ አዲስ ትእዛዝ። ቁልፍ ያዦች ከግቢው ውጭ አያድሩም። ከመጋዘኑ ትይዩ አንድ ክፍል ሰጡን፤ ሦስት የሰሌን አልጋ፣ አንድ መስኮት።

«ቁልፉ እንዳይወጣ ብለው ሰውየውን ቆለፉት» አሉ ቀኛዝማች። ከገበያው ቀን ወዲህ ፊቴ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። የተናገሩት ግን ለሐምዱ ነው።

ማታ ሥጋ በቆርቆሮ ሰጡን። እኛ ጾም ነን፣ ጾም ባይሆንም የማን እርድ እንደ ሆነ አናውቅም። ሐምዱም የእስላም እርድ ስላልሆነ አይበላውም። ቆርቆሮውን መሃላችን አስቀምጠን አየነው።

«ይኸው» አለ ሐምዱ፣ «ስንት ዘመን ሼኩና ቄሱ ያልቻሉትን ጣሊያን በአንድ ጣሳ አስማማን።»

ቀኛዝማች ሳቁ። ሽምብራ ቆሎ ነበራቸው፤ ለሁለታችንም ዘገኑልን። ለእኔም ዘገኑልኝ።

ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

ጾም ፍች ነውና ቤቴ ሄጄ ልፍታ ብዬ ለመንሁ። ካፒቴኑ ፈቀደ። ከዚያ ሁለቱን ጠርቶ በዘበኞቹ ክፍል ውስጥ ባለችው ጠባብ ቤት አስገባቸውና ዘጋ። ሙላት ዓይኔን ሳያይ ተረጎመ፤ «ሰውም ሲወጣ ሚስማሩ ባዶ እንዳይሆን ነው። እስኪመለሱ ዋሶችዎ ናቸው። በመሸ ጊዜ እርስዎ ካልተመለሱ ሁለቱ ይሰቀላሉ።»

ሥራነሽ ዶሮ ሠርታ ነበር። ቁራሹን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት።

«አይበሉም?»

«ሁለት ሰው ታስሮልኝ እንዴት ልብላ?»

«እንግዲያው ይስሙኝ።» በሩን ዘጋች። «እንዳላማው ልኮብኛል። ከደምበጫ ወዲህ ናቸው። ጠመንጃ አላቸው፣ ጥይት የላቸውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ በካሚዮን ይመጡባቸዋል። ያን ጊዜ በዱላ ሊዋጉ ነው?»

«እኔ ምን ላድርግ? በሩ ሦስት ቁልፍ ነው። የእኔ ብቻውን ቢከፈት ምንም አይፈይድም።»

«ሦስት ያደረገው ማን ነው?»

ገበታውን ገፋ አደረግሁት።

«ወንድሜ እንዳይጠይቅዎ ብለው ነው። አውቃለሁ። ሌላው ሰው ጣሊያንን ፈርቶ አጥር ያጥራል፣ እርስዎ አማችዎን ፈርተው አጠሩ።»

ሳልበላ ተመለስሁ። ጠባቧን ቤት ሲከፍቱላቸው ሐምዱ መጀመሪያ የጠየቀኝ «በላህ?» ብሎ ነው።

«አልበላሁም።»

«ታዲያ እኛ ለምን ታሰርን?»

ሐምሌ 6

የሥራነሽ ነገር እውነት አይደለም። ሦስት ያደረግሁት ለሥርዓቱ ብዬ ነው።

ሐምሌ 9፣ ቅዳሜ

ካፒቴኑ ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ ቤታችን እንድንሄድ ፈቅዷል፤ ዛሬ የሐምዱ ተራ ነበር። እኔና ቀኛዝማች ታሰርን። ጠባቧ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንጂ መተኛት አይቻልም። ቀኛዝማች ጉልበታቸውን አቅፈው ስለ ጠመንጃቸው ነገሩኝ። የአባታቸው ነበረ። ያስረከቡ ቀን ጸሐፊው ከሌሎቹ ጋር ክምር ላይ ወረወረው። «የወደቀበትን ድምፅ አውቀዋለሁ» አሉ፣ «ሰው ሲጥለው ሌላ ድምፅ አለው።»

ሐምዱ ገና ቀን ሳለ ተመለሰ። አልቀለደም። ሲመሽ፣ «ሚስትህ ቤቴ ነበረች» አለኝ። «ከከሪማ ጋር ስንዴ ይለቅማሉ።»

«ምን ፈልጋ? ምን አለችህ?»

«ስንዴ ነው አልሁህ።»

ሥራነሽ ከሐምዱ ሚስት ጋር መቼ እንደ ተዋወቀች አላውቅም።

ሐምሌ 12

የጥይት ሳጥን ስናወጣ ከጣሊያን ጥቁር ወታደሮች አንዱ አስካሪ ተንሸራትቶ ወደቀ። ዘበኛው ስቆ ሳይጨርስ ካፒቴኑ በጥፊ መታው። ጉሙ እስከ ግቢው አጥር ይወርዳል፣ ከሰዓት በኋላ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታይም። ዘበኛው ከበሩ ፊት ቆሞ «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» ይላል፤ ሦስቱ ጓጉንቸር አለ ማለት ነው። ከዚያ ከዝናቡ ይጠለላል።

ሐምሌ 16፣ ቅዳሜ

የቀኛዝማች ተራ ነበር። ቤታቸው ርስት የሚከፋፈሉ ዘመዶች መጥተዋል ብለው ነው የወጡት። ሲመለሱ ጭቃቸውን ሳያራግፉ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ።

«ቢተው።»

«አቤት።»

«ያ ቀይ መስመር ያለበት ሳጥን፣ የምን ጠመንጃ ጥይት ነው?»

«የውጅግራ አይደለም። የእነሱ የራሳቸው ነው።»

«ምንሽር ይጎርሰዋል?»

«አይጎርሰውም። ለምንሽር የሚሆነው በግራ በኩል ያለው ነው፣ ከአገሬው የገፈፉት።»

«እንዲሁ ነው የጠየቅሁህ» አሉ።

ሽማግሌ ሲሰለቸው ብዙ ይጠይቃል።

ሐምሌ 18

ዛሬ በሩን ስንዘጋ አንድ ነገር አየሁ። እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ ከላይ የቀኛዝማች፣ ከመካከል የሐምዱ፣ ከታች የእኔ። የሐምዱ ጓጉንቸር ቀለበቱ ውስጥ ገብቷል፣ ተንጠልጥሏል፣ አንገቱ ግን ወደ ውስጥ አልተጫነም። ከርቀት የተዘጋ ይመስላል። በጣት ቢጎትቱት ይወልቃል።

ሐምዱ ቁልፉን በእርጋታ አውጥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ።

ደብራችን ቢሆን ኖሮ «ዝጋው» ባልሁት ነበር። ዛሬ አላልሁትም። መሽቶ ነበር፣ ዓይኔም ደክሟል።

ሐምሌ 19

ዘበኛው «ኡኖ፣ ዱዌ፣ ትሬ» አለ። አልነካውም። ማንም እንዳይነካ ያልሁት እኔ ነኝ።

ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ነበር። ነፋሱ ብረቱን ሲያንቀጫቅጨው እየሰማሁ አደርሁ። ወልቆ ቢወድቅ የምንሰቀለው ሦስታችን ነን። ሐምዱ ያንኮራፋል። ደግሞ ያን ያህል አያንኮራፋም።

ለካፒቴኑ ብነግረው ሁለቱን ይሰቅላቸዋል፣ እኔን ይተወኛል። ይህን መጻፌ ለምን እንደ ሆነ አላውቅም። ታስቦኝ ነው እንጂ አላሰብሁትም።

ሐምሌ 21

የቀኛዝማችም ጓጉንቸር እንዲሁ ነው።

አሁን በሩ ላይ የተዘጋው የእኔ ብቻ ነው። «ሦስት ነው፣ ብቻዬን ምን ላድርግ» እያልሁ ነበር። አሁን አንድ ነው።

ሁለቱም አንዳች አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ስለ ዝናብና ስለ ቁንጫ እናወራለን።

ሐምሌ 23፣ ቅዳሜ

የእኔ ተራ። ሁለቱ ታሰሩልኝ። ቤቴ ስደርስ ተዘግቷል። ጎረቤታችን ማንጠግቦሽ ከደጇ ብቅ አለች።

«ሥራነሽ ደብረ ወርቅ ወርዳለች፣ ሱባዔ ልትገባ።»

«ፍልሰታ እኮ ገና ነው።»

«እኔም አልኋት። ቀድሜ ቦታ ልያዝ አለች።» ማንጠግቦሽ ወደ መንገዱ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ለእርስዎ ደግሞ እንዲህ በይው ብላኛለች፤ ጉም በወረደ ቁጥር ጨሞጋ ወንዝ መሻገሪያው ላይ ሰው አይጠፋም። በሩ ክፍት ነው የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው የቸገራቸው።»

«የምን በር?»

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ! የላኩኝን ነው ያደረስሁ። የእናንተን በር እናንተ ታውቃላችሁ።»

በቅሎዋ የለችም። ሱባዔ የሚገባ ሰው በእግሩ ይሄዳል እንጂ በቅሎ ምን ያደርግለታል? የሥራነሽ ወፍራሙ ኩታዋም የለም።

ቤት ውስጥ ትንሽ ተቀመጥሁ። ከዚያ ተመለስሁ። ሐምዱ ዛሬ በላህ ወይ አላለኝም። ፊቴን አየና ቀኛዝማች አጠገቤ እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቀላቸው።

ሐምሌ 25

ምን እፈራለሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ሞትን ነው ብል ቀላል ነበር። ባዘዘው ሲሰቀል ያየሁት ሞቱን ብቻ አይደለም፤ ጋቢውን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት ዙሪያውን ሲያይ ነው። የሚቀበለው አንድ ሰው አጣ። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ነበር። እጄን አልዘረጋሁም።

እስከ ዛሬ ምግብ ያመጡልን የነበሩ ሴቶች ወደ ግቢው መግባታቸው ተከለከለ። የቅዳሜውም ተራ ቀርቷል። ከእንግዲህ ቃል የሚወጣበት መንገድ የለም።

ሐምሌ 27

ጥይት አወጣን። ዘጋን። የእኔን ጓጉንቸር ስዘጋ ሲነክስ ድምፁን አልሰማሁም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር።

ሐምሌ 28

ሐምዱ ከአልጋው ሳይነሣ፣ «አያ ቢተው፣ ትናንት ጆሮህ ደኅና ነበር?» አለኝ።

«ዝናብ ነበር።»

«ዝናብ ነበር» አለ ለቀኛዝማች።

ቀኛዝማች ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር። አላቋረጡም፣ ግን እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

ከሰኔ ወዲህ የነካኝ ሰው የለም።

ሐምሌ 29

ጉም የለም። ሰማዩ ተገልጦ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። በዚህ ክረምት ፀሐይ የረገምሁት ዛሬ ነው። ዘበኛው ሦስቱን ጓጉንቸር ቆሞ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ፀሐዩ ላይ ሆኖ ጥርሱን በስንጥር መጎርጎር ጀመረ። ቀረብ ብሎ ቢሆን ኖሮ ያይ ነበር።

ቀኛዝማች ከመስኮቱ አልተለዩም። «በዚህ ብርሃን ማንም አይመጣ» አሉ። ስለ ማን እንደሚናገሩ አልጠየቅሁም። ሐምዱ «ነገ ይወርዳል፣ ጉልበቴ ነግሮኛል» አለ። ጉሙን ነው።

ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ጉሙ ወርዷል።

ካፒቴኑ አስጠርቶን ነበር። ሙላት ተረጎመ፤ በሩ ላይ አራተኛ ጓጉንቸር ይጨመራል፣ ቁልፉ በካፒቴኑ አንገት ይሆናል። አዲስ ቀለበት በብረት መመታት አለበት። የእነሱ መካኒክ ወባ ይዞት ተኝቷል። ስለዚህ የከተማውን ቀጥቃጭ ጥራ ብሎ አሁን እኔን ላከኝ። ቀጥቃጩ ሲመጣ ሦስቱንም ጓጉንቸር አውልቆ ነው የሚሠራው፤ ያን ጊዜ አለመዘጋታቸው ይታያል።

ሁለቱን ወደ ጠባቧ ቤት ሊያስገቧቸው ሲያነሷቸው ቀኛዝማች በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ቢተው፣ የቀጥቃጩ ቤት ሩቅ ነው። አትቸኩል።»

የቀጥቃጩ ቤት ከግቢው በር ማዶ ነው። የመዶሻው ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል።

«ቀኛዝማች…»

«እኔ ጠመንጃዬን ሰጥቼ የገባሁ ሰው ነኝ። ጠባብ ቤት አይከብደኝም። ሂድ።»

ሐምዱ ጫማውን እያወለቀ ሳቀ። «አያ ቢተው፣ ስትመለስ ብቻህን እንዳትመጣ። ብዙ አድርገህ አምጣቸው። ለዚህ በር አንድ ቀጥቃጭ አይበቃውም።»

ሙላት አጠገባችን ቆሞ ሰምቷል። ካፒቴኑ ምን አለ ብሎ ጠየቀው። ሙላት አንድ አጭር ነገር መለሰለት፣ ካፒቴኑም ራሱን ነቀነቀ። ሐምዱ የተናገረው ግን አጭር አልነበረም።

በርኖሴን ልደርብ ብዬ ነው ወደ ክፍሉ የገባሁ። ከበሩ በስተቀኝ ቀጥቃጩ ነው። በስተግራ ያለው መንገድ ወደ ጨሞጋ ይወርዳል። እስኪመሽ ጊዜ አለ፣ ብዙ ግን አይደለም።

ቀጥቃጩን ጠርቼ እመለሳለሁ።

ሙላት ከውጭ «አቶ ቢተው፣ ቶሎ ይበሉ!» እያለ ነው። ጫማዬን ፈትቼ ከአልጋው ሥር አስቀመጥሁት። በጭቃ ቁልቁለት ላይ ጫማ ያንሸራትታል። ወደ ቀጥቃጩ ቤት ቁልቁለት የለም።

ወጣሁ።